ሰባት ቁጥር አይወጣም

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ፣ ለሳሙና፤

ባለህበት ሰላም ዋል፣ ሰላም እደር። እጅህን ከማሽን፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልህ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤም ቢሆን የድሮው ሕመም ነው፣ አዲስ ነገር አልጨመረም። ስልኩን ትቼ የምጽፍልህ በስልክ ሁሌ «ደህና ነኝ እትዬ» ስለምትለኝ ነው። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ደህና ነህ። ወረቀት ሲሆን ግን ሰው ገጹን መሙላት ስላለበት ሳያስበው እውነቱ ያመልጠዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሚንቶ ነጋዴው የጡብ ፋብሪካን ቡድን ልውሰድ ብሎ መጥቷል። ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፣ ቡድኑ ግን ስሙን ይዞ እስከ ዛሬ አለ፤ ይኼን ላንተ መንገር አያስፈልገኝም፣ ቢጫውን ማልያ እያጠብክ ነው ያደግኸው፤ ሳሙና የሚለው ስምም የወጣልህ በዚያው ነው። ነጋዴው ምን አለ መሰለህ? አንተ በሰው አገር የምትሠራበትን የታላቁን ክለብ ስም እንይዛለን፣ እንደነሱም ሰማያዊ እንለብሳለን። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ማልያ፣ ለተቀያሪዎቹም እንዲሁ። «የሚወጣው አውልቆ ለሚገባው የሚሰጥ፣ በሰው ላብ የራሰ ማልያ የሚዋዋስ ቡድን የት ይደርሳል?» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ። ማልያዎቹን የማጥበው እኔ ነኝ፣ የምጥፈው እኔ ነኝ። ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ ወዲህ ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሌላ ወሬ የለም። አንድን ክለብ ታላቅ የሚያደርገው ምንድን ነው ነው ክርክሩ። ፀጉር አስተካካዩ የዋንጫ ብዛት ነው አለ። እንዲያ ከሆነማ ዋንጫ የሚሸጠው ሱቅ ከሁሉም ይበልጣላ አልኩት። ነጋዴው ስም ነው ይላል። ሌላው ደጋፊ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ሁሉም ሲናገር ልክ ይመስለኛል፣ ቤቴ ስገባ ሁሉም ይጠፋብኛል።

አንተ ውስጡ ነህ። የጥር የመጨረሻው እሁድ ሜዳው ላይ እጅ አውጥተን እንወስናለን፤ ማልያው የሚያድረው እኔ ቤት ስለሆነ ሰው ሁሉ የሚያየው የእኔን እጅ ነው። እስከዚያ መልስህን ላክልኝ። ከቻልክ ከዚያ ማልያ አንዱን ላክልኝ፤ ስፌቱን ልየው።

አክስትህ መርፌ


ኅዳር 9

ለማከብርሽ እትዬ፤

ሰላምታዬ ከወገብሽ ይጀምርና ወደሌላው ሰውነትሽ ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። ይኸው፣ በወረቀትም አልኩት።

መዘግየቴን እንዳትቀየሚኝ። ልጽፍልሽ ስንት ጊዜ ተቀመጥኩ መሰለሽ። መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ ብዕሩን ሳነሳ ነው እንደማላውቀው የገባኝ።

የማውቀውን ልንገርሽ። የምሠራው ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር፣ መስኮት በሌለው ክፍል ነው። ማልያ ሁሉ ቁጥሩ እንዳይላጥ ተገልብጦ ይታጠባል። ካልሲ ለብቻ፣ ፎጣ ለብቻ። ፎጣ ሲታጠፍ ጠርዙ ወደ ውስጥ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ ከቀረ አለቃዬ ምንም ሳትናገር መልሳ ትዘረጋዋለች፣ እኔም መልሼ አጥፋለሁ። ተጫዋቾቹ ለመጀመሪያው አጋማሽ አንድ፣ ለሁለተኛው ሌላ ማልያ ይለብሳሉ። ሜዳ ያልገባ ተቀያሪ ማልያም ተመልሶ እኛ ጋ ይመጣል፣ እሱንም እናጥበዋለን። ንጹሕ ነው እኮ ብላት «ወጥቶ ነበር» አለችኝ። ታላቅነት ይኼ ይሆን? እንጃ።

ጨዋታ ያያል ወይ ለሚሉሽ፣ አያይም በያቸው። እኔ የምሰማው ጣሪያውን ነው። ጎል ሲሆን ጣሪያው ይንቀጠቀጥና የሳሙናው ዱቄት ከመደርደሪያው ይረግፋል። ማን እንዳገባ ከአለቃዬ ሬዲዮ ነው የምሰማው። መሸነፋቸውንም በጣሪያው አውቃለሁ፤ ጨዋታው ሳያልቅ የእግር ኮቴ ይበዛል፤ መንገዱ ሳይጨናነቅ ወደ ቤት የሚሄድ ደጋፊ ነው። እኛ ጋ ቢሆን እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትይው ነበር? ግን ደግሞ አንድ ቀን ፎጣ ይዤ በበሩ ሳልፍ፣ አንድ ሽማግሌ ባዶ ሜዳ ፊት ቆመው ሲያለቅሱ አየሁ። ያን ቀን አሸንፈን ነበር። ምን ሆነው ነው ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

አለቃዬ ደግሞ ሌላ ግራ ነች። ፀጉሯ የሸበተው እዚህ ነው፣ የዚህ ክለብ ደጋፊ ግን አይደለችም። የተወለደችበት ከተማ ቡድን አላት፣ ከምድቡ መጨረሻ የማይጠፋ። በእረፍቷ ቀን ዣንጥላዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ተሸንፋ ትመለሳለች። ለምን ስላት፣ እናትሽን ለምን ትወጃለሽ ያልኳት ይመስል አየችኝ።

ማልያ መላክ አልችልም። ከዚህ ክፍል ክር እንኳ ይዞ መውጣት አይፈቀድም።

የወንድምሽ ልጅ


ታኅሣሥ 2

ለሳሙና፤

ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለጣሪያህ። ስለ ፎጣ ጠርዝ ጽፈህልኝ እጅህን ታጠብክ ማለት ነው? እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር፣ አንተ የላክህልኝ ደግሞ ሌላ አምስት ጥያቄ። ደብዳቤህን ፀጉር አስተካካዩ ቤት ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ነጋዴው «አያችሁ፣ ያልገባ ማልያ እንኳ የሚያጥቡ ሰዎች» አለ፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «አያችሁ፣ ደጋፊያቸው ሳያልቅ ይወጣል» አለ። ሁለቱም ባንተው ወረቀት ሊደባደቡ ደረሱ።

ትናንት ጨዋታ ነበረን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰባት ቁጥር ለባሹ አሞራው በሁለተኛው አጋማሽ እግሩ አልታዘዝ አለው፣ ተቀየረ። እንደ ወጉ መስመሩ ላይ ቆሞ ሰባት ቁጥሩን አወለቀ፣ የሚገባው ተቀበለው። እንደ ወጉ አጨበጨብን፣ «ሰባት ቁጥር አይወጣም» ብለን ዘመርን። ተቀባዩ የራሰውን ማልያ ሲያጠልቅ ሰውነቱ ዝግንን ሲለው እንደ ወጉ ሳቅን። ጎልም አገባ ደግሞ። ቤቴ ስገባ ግን ያ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። አሞራውስ ቢሆን፣ ራቁት ትከሻው ላይ የእኔን ነጠላ ጣል አድርጌለት ነው ቀሪውን ጨዋታ ያየው።

ማልያውን ደግሞ ልንገርህ። ከጨርቁ የእኔ ክር በዝቷል። ቢጫው ስንት ዓይነት ቢጫ እንደሆነ ብታይ። መርፌ ሳስገባ አጠገቡ ይቀደዳል።

እና እጄን የት ላንሳ? ነጋዴውን አልወደውም፣ ያለው ነገር ግን ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። አሁን ፎጣውን ተወውና በአንድ መስመር መልስልኝ።

አክስትህ


ታኅሣሥ 24

ለሳሙና፤

መልስህ ሳይደርሰኝ ደግሜ መጻፌ ነው። ሰላምታውን ለኋላ አቆይልኝ።

ቅዳሜ ኳስ የምናይበት ቤት ሞልቶ ነበር፣ እኔም ከፊት ወንበር ይዤ። የእናንተ ክለብ ረጅሙን አጥቂ ሊቀይር ነው። ልጁ እየተራመደ ወደ መስመሩ መጣ። ከወንበሮቹ በኩል አንድ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሰው ብድግ አለ። አጥቂውን በማልያው ጫፍ ያዘው፣ በራሱ ላይ ገፎ አወለቀው፣ ይዞ ሮጠና የራሱን ማልያ ለብሶ ለቆመው ለሚገባው ልጅ ዘረጋለት። የሚገባውም ማልያውን ያያል፣ ሰውየውን ያያል። ዳኛው ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። ስታዲየሙ በሙሉ ሳቀ፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የሚያወራውም ሰው ሳቀ።

በትከሻህ ነው ያወቅሁህ። ስትደነግጥ እንደ አባትህ ወደ ጆሮህ ይወጣል።

እኛ ቤት ማንም አልሳቀም። ሁሉም ተነስቶ አጨበጨበ። «ሰባት ቁጥር አይወጣም» ብለው ጮኹ፤ የልጁ ቁጥር ሰባት እንኳ አልነበረም። እኔም እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ኋላ ነው ሥራህ ትዝ ያለኝ።

ነጋዴው በማግስቱ «ልጃችን እዚያ ደርሷል፣ ስማቸውን መያዝ ይገባናል» እያለ ዞረ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «ልጃችን የእኛን አሳያቸው፣ ስማችንን መልቀቅ አይገባንም» እያለ ዞረ። ማንም የልጁ ሥራ ምን ሆነ ያለ የለም።

መልሱም ይቅርብኝ፣ ማልያውም ይቅርብኝ። ሥራህ ላይ ነህ ወይ? እሱን ብቻ ጻፍልኝ።

እትዬ


ጥር 16

ለማከብርሽ እትዬ፤

ሥራዬ ላይ ነኝ። ይኼን አስቀድሜ ጻፍኩ፣ አሁን ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

እናንተ ጋ በቴሌቪዥን አይተውኝ ይሆን ብዬ ስጨነቅ ነበር፤ አላዩኝም ብዬ ራሴን አሳምኜ ዝም ልል ነበር። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ገና ፖስታውን ሳልከፍት ፊቴ ጋለ።

ያን ቀን ከወንበሮቹ አጠገብ ልብስ የሚያቀርበው ሰውዬ ታመመና ቦርሳውን ለእኔ ሰጡኝ። ጨዋታ ፊት ለፊት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው እትዬ። ጣሪያ ሆኖ የኖረው ነገር ሰው ሆኖ አየሁት፣ ሣሩ፣ ጩኸቱ፣ የላቡ ሽታ። የላቡ ሽታ ነው መሰለኝ ያሳተኝ። አጥቂው ወደ መስመሩ ሲመጣ እጄ አላስፈቀደኝም። «ቶሎ በል» አልኩት በእኛው ቋንቋ። እሱም ምኑም ሳይገባው እጁን እንደ ሕፃን አነሳልኝ። ያንን ማልያ ዘርግቼ ቆሜ፣ ሰው ሲስቅ፣ በምን እንደሚስቁ ለጊዜው አልገባኝም ነበር። ለምን አይቀበለኝም እያልኩ ነበር የማስበው።

ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አለቃዬ አልሳቀችም። ለምን እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ፣ ስለ ጡብ ፋብሪካ፣ ስለ አንቺ፣ ስለ ሰባት ቁጥር ነገርኳት። የያዘችውን ፎጣ አጥፋ ጨረሰችና «ስለዚህ ማልያው ሳይወጣ ይውላል» አለች። አዎ አልኳት።

ከዚያ የላይኛው ቢሮ ጠራኝ። ቢሮው ምንጣፍ አለው፣ ጫማዬን ላውልቅ አላውልቅ ግራ ገባኝ። ሰዎቹ ፈገግ ብለው ያደረግከውን ድገምልን፣ በካሜራ እንቅረጸው አሉኝ። ታሪኩን ንገረን፣ «አንድ ቤተሰብ ነን» ብለን እንጽፍበታለን አሉ። እያከበሩኝ ነው ወይስ እየሳቁብኝ? ፊታቸውን አየሁ፣ አልለይ አለኝ። ልሥራው ወይስ ይቅርብኝ?

ስለ ድምፁ፣ እጅሽን አታንሺ ልልሽ ነበር። በኋላ ያ ብርድ ትዝ አለኝ። እኔም እኮ ተቀያሪ ነበርኩ። ያ የራሰ ጨርቅ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ያቆማል። ግን ደግሞ ያን ጊዜ የገባሁት ብቻዬን እንዳልሆነ ነበር የሚሰማኝ። አንቺ ሁለቱንም ታውቂያለሽ፣ እኔ ምን ልንገርሽ።

የወንድምሽ ልጅ


የካቲት 15

ለልጄ ለሳሙና፤

«ሥራዬ ላይ ነኝ» የሚለውን መስመር አንብቤ፣ ወረቀቱን አጥፌ፣ ውኃ ጠጥቼ ነው የቀረውን ያነበብኩት። ተመስገን።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ድምፁ ካለቀ በኋላ ነው። ቀድሞ ቢደርስም የሚጠቅመኝ አልነበረም፣ አንተም እንደኔው ግራ የገባህ ነህ።

ሰው ሜዳው ላይ ተሰበሰበ። የቡድኑ ሊቀመንበር ነጋዴውን የሚደግፍ እጁን ያንሳ አለ። ጥቂቶች አነሱ። ሌላው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እኔ ደግሞ ዞሬ ተቀያሪ የሚቀመጥበትን አግዳሚ አየሁ። ያ የተንቀጠቀጠው ልጅ እያሳለ ነበር። እጄ መቼ እንደተነሳ አላውቅም። አየሁት፣ ላይ ነው። ከዚያ የብዙ ሰው እጅ ተከተለ። ፀጉር አስተካካዩ ትቶኝ ሄደ፣ እስከ ዛሬ ሰላምታ የለንም። ነጋዴው መጥቶ ሊጨብጠኝ ሲል ደግሞ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ምን ዓይነት ሰው ሆንኩ? ልብሱን የተቀበልኩት ስለ ልጆቹ ብዬ ነው፤ ስሙን ግን በምን ምክንያት እንደሰጠሁ እስከ አሁን ለራሴ መንገር አቃተኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ነው የጠየቁኝ።

ባለፈው እሁድ በአዲሱ ስም የመጀመሪያውን ጨዋታ አደረግን። ሰማያዊ ለብሰው ሲወጡ ከባላጋራችን ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ያምራሉ፣ አልዋሽም። ስፌቱም ጥሩ ነው። ሰው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ማንን ብሎ እንደሚጮህ አያውቅም። አዲሱን ስም ለመጥራት አፍ አይታዘዝም፣ አሮጌውን ለመጥራት ደግሞ ያፍራል።

ከዚያ አሞራው ሊቀየር መጣ። የሚገባው ልጅ የራሱን አዲስ ማልያ ለብሶ፣ ደረቅ፣ ንጹሕ፣ መስመሩ ላይ ቆሟል። አሞራው ደረሰና አወለቀ። በልማዱ እኮ ነው። አውልቆ ዘረጋለት። የሚገባው ልጅ ፈዝዞ ማልያውን አየ፣ የራሱን አየ፣ ከዚያ የራሱን አወለቀ። ሁለቱም በዚያ ብርድ ራቁታቸውን፣ እያንዳንዳቸው ማልያ ይዘው ተፋጠጡ። አንተ ዓይኔ ላይ መጣህብኝ። ልጁ ደረቁን ለአሞራው አለበሰውና የራሰውን እሱ አጠለቀው፣ ዝግንን አለውና ገባ።

ሜዳው ተነሳ። የፀጉር አስተካካዩን ድምፅ ከአጥሩ ውጭ ሰማሁት፤ ላይገባ ምሎ ውጭ ሆኖ በቀዳዳ ሲያይ ነበር ለካ። «ሰባት ቁጥር አይወጣም» አለ፣ ሁሉም ተቀበለው። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ይሁን ከፍቶኝ እንዳትጠይቀኝ።

ያንተን ቪዲዮ በተመለከተ፣ ብትሠራውም ልጄ ነህ፣ ባትሠራውም ልጄ ነህ። ይኼ መልስ ከሆነ ውሰደው።

ከዚህ ጋር አሮጌውን ሰባት ቁጥር ልኬልሃለሁ። በአሮጌው ስም በተጫወትነው የመጨረሻ ጨዋታ ሦስት ልጅ ለብሶታል። በሕይወቴ ሙሉ ያላጠብኩት ልብስ ይኼ ብቻ ነው። በፀሐይ አድርቄው ነው እንጂ ውኃ አላስነካሁትም።

አክስትህ መርፌ


መጋቢት 20

ለማከብርሽ እትዬ፤

ጥቅሉ ደርሶኛል። እጅሽ ይባረክ፣ ክርሽ አይለቅ።

ቪዲዮውን ሠራሁት። እምቢ ለማለት ቃል አጣሁ። አጥቂው ጥሩ ልጅ ነው፣ ሲያየኝ ሳቀና ጨበጠኝ። ግን ማልያው ደረቅ ነበር። ሁሌ እኔው የማጥፈው፣ ከመደርደሪያ የወጣ። ያወልቃል፣ ለሌላው እሰጣለሁ፣ እንደገና በሉ ይላሉ፣ እንደገና። የሚቀበለውም እንዲንቀጠቀጥ ነገሩት፣ ተንቀጠቀጠም። እኔ ምንም አልተሰማኝም። አሁን ምስሉን ትልቅ አድርገው የስታዲየሙ በር ላይ ሰቅለውታል፣ ሰው አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ቦርሳ ይዤ ሳልፍ ማንም አያውቀኝም።

ጥያቄሽን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። የሆነውን ብቻ ልንገርሽ።

ጥቅሉን የከፈትኩት ሥራ ቦታ፣ የማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሽታው ገና ወረቀቱ ሲቀደድ ወጣ። የጡቡ አቧራ፣ የአሞራው ላብ፣ ከሥር ደግሞ ያንቺ ቤት። ማንን እንደማሸት አላውቅም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ቆሜያለሁ። ዓይኔን ስገልጥ ማልያው ከጠረጴዛው ላይ የለም። አለቃዬ ቆሻሻ ልብስ አይታ፣ እንደ ልማዷ ገልብጣ፣ ማሽን ውስጥ ከታዋለች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው።

እጇን ያዝኩት። አለቃዬን፣ ሠራተኛ ሁሉ የሚፈራትን ሴትዮ፣ በእጇ ያዝኳት። «ይኼ አይታጠብም» አልኩ፣ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩት እንጃ።

እሷም ተደናግራ ማልያውን መልሳ አወጣችው። በመብራቱ ዘረጋችው፣ የጣፍሽውን ሁሉ በጣቷ ተከተለችው፣ ቁጥሩን አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስተካክላ፣ ጠርዙን ወደ ውስጥ አድርጋ አጠፈችልኝና፣ የማን ክለብ ነው አለችኝ። አሮጌውን ስም ልበል አዲሱን፣ ምላሴ ላይ ሁለቱም ተጣሉ። «የኛ» አልኳት።

እትዬ፣ እዚህ ስንት ዘመን የታላቁን ክለብ ማልያ ሳጥብ ኖርኩ፣ አንዱንም እንዳይታጠብ ብዬ የሰው እጅ ይዤ አላውቅም።

የወንድምሽ ልጅ ሳሙና